ኢልያ ሜችኒኮፍ፤ የሰውነት ዘብና የአንጀት ነዋሪ

የታላላቅ ሊቃውንት ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ ሊቁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ብልህ እንደ ነበረ፥ ያሰበው ሁሉ እንደ ተሳካለት፥ ተቃዋሚዎቹም ሁሉ እንዳፈሩ ሆኖ ይነገራል። እንዲህ ያለው ታሪክ ለመስማት ደስ ያሰኛል፤ ለተማሪ ግን እምብዛም አይጠቅምም። ዛሬ ለጓደኞቻችን የምናቀርበው የኢልያ ሜችኒኮፍ ሕይወት ከዚህ የተለየ ነው። ይህ ሰው ሁለት ታላላቅ ጥያቄዎችን አነሣ። አንደኛው ሰውነታችን በሽታን የሚከላከለው በምን ኀይል ነው የሚል ነው። ሁለተኛው በአንጀታችን የሚኖሩት ስፍር ቁጥር የሌላቸው ረቂቅ ተሐዋስያን ምን ያደርጉናል የሚል ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ የሰጠውን መልስ ዓለም ተቀበለው። ለሁለተኛው የሰጠው መልስ ግማሹ እውነት፥ ግማሹ ስሕተት ነበረ። ሁለቱ ጥያቄዎች እርስ በርሳቸው የተቆራኙ መሆናቸው በግልጥ የታየው ግን እርሱ ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ፥ የሌላ ሰው መቅኔ በተሰጣቸው ሕሙማን አልጋ አጠገብ ነው። ታሪኩን የምንጽፈውም ስለዚህ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ሜችኒኮፍ በሜይ 15 ቀን 1845 በካርኮቭ ከተማ አካባቢ በምትገኝ ኢቫኖቭካ በምትባል መንደር ተወለደ። አገሩ ያን ጊዜ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር ነበረ፤ ዛሬ ዩክሬን ነው። አባቱ በንጉሠ ነገሥቱ ክብር ዘበኛ ውስጥ መኰንን የነበረ ባለ ርስት ሲሆን፥ እናቱ ኤሚልያ ኔቫኮቪች ከአይሁድ ቤተ ሰብ የተወለደች ነበረች። ከአምስቱ ልጆቻቸው የመጨረሻው እርሱ ነው። ገና በሕፃንነቱ ዕፀዋትንና ነፍሳትን እየሰበሰበ ስለ እነርሱ ለወንድሞቹና ለመንደሩ ልጆች ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ ሰሚ ሲያጣም ከኪሱ ሳንቲም እየከፈለ ያስቀምጣቸው ነበር ይባላል።

በ1862 ካርኮቭ ዩኒቨርሲቲ ገባና የአራት ዓመቱን የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት በሁለት ዓመት ጨረሰ። ከዚያም ወደ ጀርመን አገር፥ ቀጥሎም ወደ ኢጣልያ ተሻገረ። በጊሰን ከተማ ሳለ በ1865 አንዲት ጠፍጣፋ ትል በአጉሊ መነጽር ሲመለከት የትሏ ሕዋሳት ምግቡን ወደ ውስጣቸው እየዋጡ ሲፈጩት አየ። ነገሩ ያን ጊዜ ትንሽ መስሎ ታየ፤ ነገር ግን ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ ለሚመጣው ግኝት ዘሩ ይህ ነበረ። በናፖሊ ከአገሩ ልጅ ከአሌክሳንደር ኮቫሌቭስኪ ጋራ ሆኖ የባሕር እንስሳት ከዕንቍላል ጀምሮ እንዴት እንደሚያድጉ መረመረ። በ1867 በኦዴሳ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሲሆን ዕድሜው 22 ዓመት ብቻ ነበረ፤ ከተማሪዎቹም አንዳንዶቹ በዕድሜ ይበልጡት ነበር።

የኀዘን ዘመን

በ1869 ሉድሚላ ፌዶሮቪች የምትባል ሴት አገባ። ሙሽራይቱ በሳምባ ነቀርሳ ታማ ስለ ነበረ ወደ ቤተ ክርስቲያን የተወሰደችው በወንበር ላይ ሆና በሰው ሸክም ነው። ሜችኒኮፍ እርሷን ለማዳን ከአገር አገር፥ ከብርድ ወደ ሙቀት አዟዟራት። ከመምህርነቱ የሚያገኘው አልበቃ ስላለው መጻሕፍት እየተረጐመ፥ የደከመ ዓይኑን ይበልጥ እያደከመ ለመድኃኒቷ ከፈለ። ሉድሚላ ግን በ1873 በማዴይራ ደሴት ሞተች። እርሱም ተስፋ ቈርጦ ራሱን ለማጥፋት መርዝ ጠጣ፤ ሰውነቱ መልሶ ስላስወጣው ተረፈ።

በ1875 ኦልጋ ቤሎኮፒቶቫን አገባ። እርሷ በሳይንስ ሥራውም ረዳቱ፥ ከሞተም በኋላ የሕይወት ታሪኩን የጻፈችለት ናት። በ1880 ኦልጋ በታይፎይድ ክፉኛ ስትታመም ያለፈው መከራ ተመልሶ የመጣ መሰለው። ያን ጊዜም የሚያገረሽ ትኩሳት ከያዘው በሽተኛ የተወሰደ ደም በራሱ ሰውነት ውስጥ አስገባ። ሞትን ከመፈለጉ ጋራ በሽታው በደም መተላለፍ አለመተላለፉን ለማወቅ ነበር። ክፉኛ ታመመ፤ ነገር ግን ዳነ፥ ሚስቱም ዳነች። ይህን የምንጽፈው ድርጊቱን ለማመስገን አይደለም። በኋላ ስለ ሕይወትና ስለ እርጅና በተስፋ የጻፈው ሰው ሞትን በቅርብ ያየ ሰው መሆኑን አንባቢ እንዲያውቀው ነው።

የመሲና እሾህ

በ1881 ንጉሠ ነገሥት እስክንድር ሁለተኛ ከተገደሉ በኋላ የሩሲያ ዩኒቨርሲቲዎች በመንግሥትና በተማሪዎች መካከል በተነሣው ጠብ ታወኩ። ሜችኒኮፍ በዚህ ሁከት መካከል ማስተማር ስላልቻለ በ1882 የኦዴሳን ወንበር ለቀቀ። ከኦልጋና ወላጆቻቸው ከሞቱባቸው ከእርሷ ታናናሾች ጋራ ወደ ሲሲሊ ደሴት ሄዶ በመሲና ከተማ በባሕር ዳር ተቀመጠ። ደመወዝም ተማሪም አልነበረውም፤ የነበረው አንድ አጉሊ መነጽር ነው።

በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር አንድ ቀን ቤተ ሰቡ የለመዱ ዝንጀሮዎች የሚጫወቱበትን ሰርከስ ለማየት ሄደ። እርሱ ብቻውን ቀርቶ የባሕር ኮከብ የሚባለውን እንስሳ እጭ ይመለከት ነበር። ይህ እጭ እንደ መስተዋት ብርሃን የሚያሳልፍ ስለ ሆነ በውስጡ የሚንቀሳቀሱት ሕዋሳት ይታያሉ። ሜችኒኮፍ እነዚህ ወዲያና ወዲህ የሚዞሩ ሕዋሳት ምግብ ከመፍጨት ሌላ ሥራ ይኖራቸው ይሆን ብሎ አሰበ። ጠላት ሲገባ የሚከቡ ዘቦች ቢሆኑስ? እንዲህ ከሆነ በእጩ ቆዳ ሥር እሾህ ቢሰካበት ሕዋሳቱ እሾሁን መክበብ አለባቸው። ወዲያው ወደ ጓሮ ወጥቶ የጽጌረዳ እሾህ አመጣና በእጩ ቆዳ ሥር ሰካ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። ሲነጋ ቢመለከት ሕዋሳቱ እሾሁን ከበውት አገኘ።

የዚህ ግኝት ክብደት የሚገባን በጊዜው ይታመን የነበረውን ስናውቅ ነው። ቁስል ሲቆጣና ሲመግል ነጭ የደም ሕዋሳት እንደሚሰበሰቡ ሐኪሞች ያውቁ ነበር። ነገር ግን ብዙዎቹ እነዚህ ሕዋሳት ጀርሙን ተሸክመው በሰውነት ውስጥ የሚያዛምቱ አድርገው ይቈጥሯቸው ነበር። ሜችኒኮፍ ደግሞ መቆጣቱ ራሱ የመከላከል ጦርነት ነው፥ ሕዋሳቱም ጀርሙን የሚውጡ ወታደሮች ናቸው አለ። በዚያ ወራት መሲናን የጐበኘው ታላቁ የጀርመን ሐኪም ሩዶልፍ ቪርኮቭ ሥራውን አይቶ አበረታታው፤ የሐኪሞች ትምህርት ግን ተቃራኒውን እንደሚል አስጠነቀቀው። በቪየና ያሉ ሊቃውንትም ለእነዚህ ሕዋሳት ፋጎሳይት የሚል የግሪክ ስም አወጡላቸው፤ ትርጓሜውም በላተኛ ሕዋስ ማለት ነው።

በ1884 ሁለተኛውን ማስረጃ አቀረበ። በኩሬ ውኃ የምትኖር ዳፍኒያ የምትባል ጥቃቅን እንስሳ መርፌ የመሰለ የሻጋታ ዘር ስትውጥ፥ ዘሩ አንጀቷን ወግቶ ወደ ሰውነቷ ይገባል። በላተኞቹ ሕዋሳት ዘሩን ከበው ከፈጁት ዳፍኒያዋ ትድናለች፤ ዘሩ ካየለ ግን ትሞታለች። ጓደኞቻችን ይህን ልብ እንዲሉት እንፈልጋለን፤ ጦርነቱ የተጀመረው በአንጀት ግድግዳ ላይ ነው። ሜችኒኮፍ ራሱ ግን የአንጀቱን ነገር የሚያነሣው ገና ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

የሁለት ወገኖች ክርክር

በ1886 ኦዴሳ አዲስ ለተቋቋመው የባክቴሪያ ምርመራ ቤት ኀላፊ አድርጋ ጠራችው። ነገር ግን የሕክምና ዲግሪ ስለሌለው የከተማው ሐኪሞች አልወደዱትም። በ1888 ረዳቶቹ ለአባ ሰንጋ የሰጡት ክትባት ብዙ በጎች ስለ ፈጀ አገሩን ለመልቀቅ ወሰነ። በበርሊን ሮበርት ኮክ በቀዝቃዛ ፊት ተቀበለው፤ በፓሪስ ግን ሉዊ ፓስተር በአዲሱ ተቋሙ ውስጥ የሥራ ክፍል ሰጠው። ስሙ በአዲስ አበባ የሰፈር ስም ሆኖ እስከ ዛሬ የቀረው ፓስተር ይኸው ሰው ነው። ሜችኒኮፍ እስከ ሞተበት ቀን ድረስ 28 ዓመት ከዚህ ተቋም አልወጣም።

የፓሪስ ኑሮው ግን የሰላም አልነበረም። በ1890 ቤሪንግና ኪታሳቶ በሽታን የሚከላከለው ኀይል በደም ውኃ ውስጥ ሟሙቶ እንደሚገኝ አሳዩ። ከዚያ በኋላ የሊቃውንት ዓለም በሁለት ተከፈለ። የጀርመን ሊቃውንት አብዛኞቹ መከላከያው በደም ውኃ ውስጥ ነው ሲሉ፥ የፓስተር ተቋም ሰዎች ደግሞ በሕዋሳት ነው ይሉ ነበር። በ1894 ፓይፈር የተባለው ሊቅ የኮሌራ ጀርሞች በተከተበ እንስሳ ሰውነት ውስጥ ያለ ምንም ሕዋስ ሲሟሙ አሳየ። ለሜችኒኮፍ ይህ ከባድ ምት ነበር። ወጣቱ ጁል ቦርዴ ነገሩን ሲመረምር ተቃዋሚዎቹን የሚደግፍ ነገር አገኘ፤ ያገኘውም ሌላ ቦታ ሳይሆን በሜችኒኮፍ በራሱ ምርመራ ክፍል ነው። ጌታው ግን ውጤቱን አልደበቀበትም፥ ሥራውንም አልከለከለውም። ቦርዴ በኋላ የ1919 የኖቤል ሽልማት ተሸለመ።

በመጨረሻ ሁለቱም ወገኖች ልክ ሆነው ተገኙ። በ1908 የኖቤል ሽልማት ለሜችኒኮፍና የደም ውኃ ወገን ለሆነው ለፓውል ኤርሊኽ በአንድነት ተሰጠ። በደም ውኃ ያለው ንጥረ ነገር ጀርሙን ምልክት ያደርግበታል፤ በላተኛው ሕዋስም ምልክቱን አይቶ ይውጠዋል። ሃያ ዓመት ያህል ሲከራከሩ የኖሩት ሰዎች የአንድ ሠራዊት ሁለት ክፍሎች ይዘው ነበር።

ወደ አንጀት

በ1892 ኮሌራ አውሮፓን ሲያስጨንቅ ሜችኒኮፍ ያው ጀርም አንዱን ገድሎ ሌላውን የሚተወው ለምን እንደ ሆነ ለማወቅ ፈለገ። እንደ ልማዱም በራሱ ጀመረ፤ የኮሌራ ጀርም ጠጣ። ምንም አልሆነም። ሌሎች ፈቃደኞችም ጠጡ፤ ከእነርሱ አንዱ ግን ለሞት እስኪቀርብ ድረስ ታመመ። ሜችኒኮፍ ልዩነቱ በአንጀት ከሚኖሩት ከሌሎቹ ጀርሞች ሊሆን ይችላል ብሎ አሰበ። ጀርሞችን በሳህን ላይ ቀላቅሎ ሲያሳድግም አንዳንዶቹ የኮሌራን ጀርም ሲረዱ፥ አንዳንዶቹ ሲያደክሙት አየ። ይህ አሳብ ከዘመኑ እጅግ የቀደመ ነበረ። በአንጀታችን የሚኖሩት ረቂቃን በእኛና በጠላታችን መካከል ተቀምጠው ለአንዱ ወገን ያደላሉ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ግን መንገዱ ጠመመ። ሜችኒኮፍ ስለ እርጅና ማሰብ ጀመረ። በ1903 ባሳተመው ስለ ሰው ተፈጥሮ በሚናገር መጽሐፉ፥ በትልቁ አንጀት የሚኖሩ ጀርሞች ምግቡን እያበሰበሱ መርዝ ያመነጫሉ፥ መርዙም ወደ ደም ገብቶ የሰውነትን ክቡር ክፍሎች ያደክማል፥ ከዚያ በኋላ በላተኞቹ ሕዋሳት የደከሙትን የአንጐልና የሌላውን አካል ሕዋሳት ይበላሉ፤ እርጅና ማለት ይኸው ነው ብሎ ጻፈ። ትልቁን አንጀት ጥቅም የሌለው የጥንት ቅሪት አድርጎ ቈጠረው። ማስረጃው ግን ቀጭን ነበረ። ትልቅ አንጀት ያላቸው እንስሳት ዕድሜያቸው አጭር፥ ትንሽ ያላቸው ረጅም ነው ብሎ ማነጻጸሩ፥ በቡልጋርያም ብዙ እርጎ የሚጠጡ ገበሬዎች ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ የሚል ወሬ ማመኑ ነበር።

መድኃኒቱንም አብሮ አቀረበ። ወተትን የሚያረጋው ባክቴሪያ ላክቲክ አሲድ ስለሚሠራ፥ አሲድም መበስበስን ስለሚከለክል፥ እርጎ የሚጠጣ ሰው አንጀቱን ከመበስበስ ያድናል አለ። በ1905 ስታመን ግሪጎሮቭ የተባለ ቡልጋርያዊ የሕክምና ተማሪ በጄኔቭ ሆኖ የአገሩን እርጎ ባክቴሪያ ለይቶ ስላገኘ ትምህርቱ ይበልጥ ተጠናከረ። ተማሪ መሆኑን ጓደኞቻችን ያስተውሉልን።

ሜችኒኮፍ በ1904 በፓሪስ ስለ እርጅና ንግግር ካደረገ በኋላ ጋዜጦች ነገሩን አራገቡት። በእኛ አገር በየቤቱ የሚናጠው እርጎ በፓሪስና በለንደን ከመድኃኒት ቤት በማዘዣ የሚገዛ ነገር ሆነ። ነጋዴዎችም ከሊቁ የበለጠ ተስፋ ሰጡ። ከዚህ የከፋው ግን ትልቁ አንጀት የመርዝ ጕድጓድ ነው የሚለው አሳብ በቀዶ ሐኪሞች እጅ መግባቱ ነው። የለንደኑ አርበስኖት ሌን ሆድ ድርቀትን እንኳ ለመፈወስ ብሎ የሰዎችን ትልቅ አንጀት ቈርጦ ያወጣ ነበር፤ ከታከሙትም የሞቱ አሉ። ሜችኒኮፍ የመከረው አንጀቱን ማውጣት ሳይሆን ነዋሪዎቹን መለወጥ ነበር። ነገር ግን የታላቅ ሰው ግምት ከአፉ ከወጣ በኋላ በሌላው ጆሮ ሕግ ይሆናል።

የመጨረሻ ዓመታቱን በዚሁ ምርምር አሳለፈ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት የፓስተርን ተቋም ወጣቶች ወደ ጦር ሜዳ ወስዶ ክፍሎቹን ባዶ አደረጋቸው። ሜችኒኮፍ በልብ ድካም ታሞ በጁላይ 15 ቀን 1916 በ71 ዓመቱ እዚያው ተቋም ውስጥ ሞተ። በሕመሙ ጊዜም እንደ ሳይንስ ሰው የራሱን ሰውነት ይከታተል ነበር፤ ከሞተም በኋላ ሬሳው እንዲመረመር አደራ ብሎ ነበር። አመዱ በተቋሙ ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ።

ከሞቱ በኋላ፤ በመቅኔ ተቀባዮች አልጋ አጠገብ

የሜችኒኮፍ ታሪክ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የመጀመሪያው ግኝቱ በመማሪያ መጻሕፍት፥ ሁለተኛው በእርጎ ነጋዴዎች ማስታወቂያ ላይ ብቻ በቀረ ነበር። ነገር ግን ሁለቱን የሚያገናኝ ሕክምና ተፈጠረ።

የደም ሕዋሳት ሁሉ፥ በላተኞቹም ጭምር፥ የሚወለዱት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ካሉ ጥቂት ግንደ ሕዋሳት ነው። አንድ ሰው የደም ካንሰር ሲይዘው ሐኪሞች በጠንካራ መድኃኒት ወይም በጨረር የታመመውን መቅኔ ያጠፉና ከጤነኛ ለጋሽ የተወሰዱ ግንደ ሕዋሳት በደም ሥሩ ይሰጡታል። ሕዋሳቱ መንገዱን ራሳቸው አግኝተው በአጥንቱ ውስጥ ይተከላሉ። ይህን ሕክምና ዶናል ቶማስ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1957 በጽሑፍ አስታወቀ፤ ለዚሁ ሥራውም በ1990 የኖቤል ሽልማት ተሸለመ። ከንቅለ ተከላው በኋላ በሽተኛው ለሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ዘብ እንደሌላት ከተማ ይሆናል። ሐኪሞች ኒውትሮፊል የሚባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት በየጊዜው ይቈጥራሉ። በአንድ ኩብ ሚሊሜትር ደም 500 ያህል ሆነው ሦስት ቀን በተከታታይ ከታዩ ተከላው ያዘ ይባላል። እነዚህ ኒውትሮፊሎች ሜችኒኮፍ ትንንሽ በላተኞች ብሎ የጠራቸው ናቸው። በመሲና እሾሁን የከበቡት ሕዋሳት ዘመዶቻቸው በዛሬው ሆስፒታል የመዳን ምልክት ሆነዋል።

አደጋው ግን በዚህ አያበቃም። ከለጋሹ ጋራ የመጡት ቲ ሕዋሳት የሚባሉት ወታደሮች አዲሱን አገራቸውን እንደ ባዕድ ይቈጥሩና የተቀባዩን ቆዳ፥ ጕበትና አንጀት ይወጋሉ። እኛ ይህን በሽታ በአጭሩ የተከላ ጥቃት እንበለው። ከበድ ሲል ይገድላል። ታዲያ ቲ ሕዋሳቱን የሚያስቈጣቸው ምንድር ነው? መድኃኒቱና ጨረሩ የአንጀቱን ግድግዳ ያቈስሉታል፤ በቍስሉም የባክቴሪያ ስባሪ ወደ ሰውነት ይገባል፤ በላተኞቹ ሕዋሳትና ዘመዶቻቸው ይህን አይተው የጦርነት መለከት ይነፋሉ፤ ቲ ሕዋሳቱም ይነሣሉ፤ አንጀቱን ሲወጉትም ቍስሉ ይሰፋል። ሜችኒኮፍ ለየብቻ ያጠናቸው በላተኛ ሕዋስና የአንጀት ነዋሪ እዚህ ላይ ፊት ለፊት ተገናኙ።

በመጀመሪያ ፍርዱ ለሜችኒኮፍ የተፈረደ መሰለ። በ1974 ቫን ቤኩምና ባልደረቦቹ በሆላንድ አገር የአንጀታቸው ነዋሪ በተለወጠ አይጦች ላይ የተከላ ጥቃት ቀለል እንደሚል አሳዩ። በ1983 ደግሞ ከአሜሪካ ሲያትል ከተማ፥ መቅኔያቸው ደርቆ ንቅለ ተከላ ከተደረገላቸው ሕሙማን መካከል በንጹሕ አየር ክፍል ተለይተው፥ አንጀታቸውም በመድኃኒት ተጠርጎ በታከሙት ላይ ጥቃቱ ያነሰ መሆኑ ተጻፈ። የአንጀት ባክቴሪያ ጠላት ነው፥ ስለዚህ ይጥፋ የሚለው አሳብ ትክክል መሰለ።

የባክቴሪያን ዘር በዝርዝር ማንበብ ከተቻለ በኋላ ግን ሌላ ነገር ታየ። በ2015 ከኒው ዮርክ የወጣ ጥናት ብላውቲያ የሚባለው ባክቴሪያ በአንጀታቸው የበዛላቸው ሕሙማን በተከላ ጥቃት የመሞታቸው ነገር ያነሰ መሆኑን አመለከተ። ብላውቲያ አየር በሌለበት የሚኖር ነው፤ ሜችኒኮፍ አበስባሾች ብሎ ከጠላቸው ባክቴሪያዎች ብዙዎቹም የእርሱ የሩቅ ዘመዶች ናቸው። ከእነዚህ አየር ጠል ባክቴሪያዎች ብዙዎቹ ከአትክልትና ከእህል የሚገኘውን አሰር አብላልተው ቡቲሬት የሚባል ነገር ይሠራሉ፤ ቡቲሬትም የአንጀትን ግድግዳ ይመግባል። በ2016 የወጣ የአይጥ ጥናት ይኸው ቡቲሬት ግድግዳውን አጽንቶ ጥቃቱን እንደሚያቀል አሳየ። በዚያው ዓመት ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ በአንድነት የሚያጠፉ አንዳንድ አንቲባዮቲኮች በተከላ ጥቃት ከመሞት ጋራ የተያያዙ መሆናቸው ታወቀ።

በ2020 ደግሞ ከአሜሪካ፥ ከጀርመንና ከጃፓን አራት ሆስፒታሎች 1,362 ሕሙማን የሰጡት 8,767 የሰገራ ናሙና ተመርምሮ ውጤቱ ወጣ። ተከላው በሚይዝበት ሰዓት በአንጀታቸው ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የተገኘባቸው ሕሙማን፥ አንድ ዓይነት ብቻ ከነገሠባቸው ይልቅ የመትረፍ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበረ። አገሩና ምግቡ ቢለያይም ነገሩ ተመሳሳይ ሆነ። እንግዲህ መጽዳቱ ብቻውን ደኅንነት አይደለም። ሁሉም ቢጠፋ አንድ ነገር ነው፤ ጥቂቱ ጠፍቶ ክፉው ብቻውን ቢነግሥ ግን ሌላ ነው።

ወተትስ? በዚህም ላይ ታሪክ በሊቁ ላይ የምትቀልድ ይመስላል። በ2019 የወጣ ጥናት ኢንትሮኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ በአንጀት ሲነግሥ ጥቃቱ እንደሚበረታ፥ ይህንንም ባክቴሪያ በወተት ውስጥ ያለው ስኳር እንደሚመግበው አሳየ፤ ወተት ስኳሩ ከምግባቸው የተወገደላቸው አይጦችም ጥቃቱ ቀለል አለላቸው። ሕያው ባክቴሪያ ያለበትን ምግብና መድኃኒትም ቢሆን ዘብ ለሌለው በሽተኛ ሐኪሞች በጥንቃቄ እንጂ በቸልታ አይሰጡም፤ ለጤነኛ ወዳጅ የሆነው ባክቴሪያ ለእርሱ የደም መመረዝ ሊሆንበት ይችላልና።

ነዋሪዎቹን የመለወጥ የሜችኒኮፍ ተስፋ ግን አልሞተም። በ2016 በጃፓን አገር የተከላ ጥቃት በአንጀታቸው ጸንቶ በተለመደው መድኃኒት አልድን ያለ አራት ሕሙማን ከጤነኛ ሰው የተወሰደ የአንጀት ባክቴሪያ ተሰጥቷቸው ሦስቱ ፈጽሞ፥ አንዱ በከፊል ተሻላቸው። በ2019 ግን እንዲህ ካለው ሕክምና ጋራ መድኃኒት የማይበግረው ባክቴሪያ ተላልፎ አንድ የንቅለ ተከላ በሽተኛ ሞተ። ከዚያ በኋላ የለጋሾች ምርመራ ጠነከረ። ተስፋውም አደጋውም እውነት ነው።

ከዚህ ሕይወት የምንወስደው

ሜችኒኮፍ በመሲናም በፓሪስም ያው አንድ ሰው ነበረ፤ ድፍረቱ አንድ፥ አሳቡም ስል ነበረ። ልዩነቱ በመሲና አሳቡን በማግስቱ በእሾህ መፈተኑ ነው፤ እሾሁ ባይከበብ ኖሮ አሳቡ ይወድቅ ነበር። ስለ እርጅና ሲጽፍ ግን አሳቡን ሊጥል የሚችል እሾህ አልፈለገም፤ ከቡልጋርያ የመጣው ወሬ በቃው። የኖቤል ሽልማቱም ወሬውን ወደ ማስረጃ አልለወጠውም።

ደግሞም አንድ ነገር እንጨምር። ሜችኒኮፍ በአንጀት ነዋሪዎች ላይ የሳተው እነርሱን ችላ በማለቱ አይደለም፤ ሌላው ሰው ሳይጨነቅባቸው እርሱ ተጨንቆባቸዋል። የሳተው ዘብና ጠላት ብሎ ዓለምን በሁለት በመክፈሉ ነው። ዘብ የሆነው በላተኛ ሕዋስ በመቅኔ ተቀባዩ ሰውነት ውስጥ የጦርነት መለከት ይነፋል፤ ጠላት የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ደግሞ ግድግዳውን ይጠብቃል። ማን ወዳጅ፥ ማን ጠላት እንደ ሆነ የሚወስነው ስሙ ሳይሆን ቦታው፥ ብዛቱና ጎረቤቱ ነው።

እኛ ተማሪዎች ከመምህራን አፍና ከመጻሕፍት ብዙ ታላላቅ ስሞችን እንሰማለን። ስሙን እናክብር፤ ነገር ግን አሳቡን በቀረበ ቍጥር እሾሁ የታለ ብለን እንጠይቅ። በመቅኔ ክፍል ለተኛው በሽተኛ መዳንና መሞቱ በዚህ ጥያቄ ላይ ተንጠልጥሏል።